ጥላው ቁም ሳጥን ላይ ነው፤ ጸሎቴስ የት ደረሰ?



በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምናነሳው የፍቅር፣ የትዳርና የኪስ ነገር ነው። የዛሬው ለየት ይላል። ደብዳቤውን የላከችልን አንዲት የ24 ዓመት ወጣት ናት። ስሟን፣ የምትሠራበትን ቦታና የምትኖርበትን ሰፈር ትተነዋል። ረዘም ስለሚል አሳጥረነዋል። እስቲ አብረን እናንብበው፦

«ውድ አዘጋጆች፣ ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። ያደግኩት ምዕራብ ጎጃም፣ ገበዝ ማርያም ነው። ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቼ 12ኛ ክፍል ከጨረስኩ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጣሁ። አሁን አንድ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ እቀበላለሁ፤ ማታ ማታ እማራለሁ። አባቴ ገና ልጅ ሳለሁ ስለሞተ ያሳደገችኝ እምዬ ብቻዋን ናት። ጠላ ጠምቃ፣ የሰው በርበሬ ለቅማ ነው ያስተማረችኝ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት እምዬ ታመመች። እግሯ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት። ሐኪም ቤት ቢወስዷት 'ልብ ነው' ተባለ። መድኃኒት ጀመረች። እኔ ደሞዜን ተቀብዬ ልሄድ ስል አገሩ ታመሰ። መንገድ ተዘጋ። አንድ ጊዜ 'ተከፈተ' ሲባል መናኸሪያ ሄጄ ትኬት ቆርጬ ነበር፤ በማግስቱ 'መኪናው አይወጣም' ተባለ። ስልኩም አንድ ቀን ይሠራል፣ አሥር ቀን ይጠፋል። የማርያም መንገድ እንኳ አጣሁ።

የተሳልኩት ያኔ ነው። 'እመቤቴ፣ እናቴን በሕይወት ሳለች አንድ ቀን ብቻ አሳዪኝ፤ ለገበዝ ማርያም ጥላ ይዤ እመጣለሁ' አልኩ። እምነቴ እንዲታይልኝ ብዬ ጥላውን አስቀድሜ ገዛሁት። ባለ ወርቅማ ዘርፍ ነው። የሁለት ወር ደሞዜን ጨረሰው። ጾምኩ፣ ሰገድኩ። ውዳሴ ማርያም ሳልደግም ያደርኩበት ሌሊት የለም።

ጥር 2016 ላይ ጎረቤታችን ደወሉልኝ። እምዬ ካረፈች አምስት ቀኗ ነበር። ስልክ ጠፍቶ ነው እስከዚያ ያልነገሩኝ። በመጨረሻዋ ሌሊት እሳቸው እጇን ይዘው አብረዋት አድረዋል። ገንዘው፣ አልቅሰው ቀበሯት። እኔ ግን የለሁም።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጓደኛ አለኝ፤ ሳንጋባ ነው የምንገናኘው። ይህን የምታውቀው አክስቴ፣ የእናቴ እህት፣ እዚሁ አዲስ አበባ ለቅሶ ስንቀመጥ በሰው ፊት 'በምን አፍሽ ለምነሻት ነው ማርያም የምትሰማሽ? እህቴን የገደላት ያንቺ ኃጢአት ነው' አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጸለይ አልቻልኩም። በቤተ ክርስቲያን በር ሳልሳለም ነው የማልፈው። ሁለተኛ፣ ጥላው እስከ ዛሬ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ቁም ሳጥኔ ላይ ነው። ልስጠው? ልሽጠው? ስእለቴ አልደረሰልኝም እኮ! እባካችሁ ምን ላድርግ?»

የደብዳቤው ፍሬ ነገር ይህ ነው።

እህታችን፣ ከሁሉ በፊት እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ የእናትሽን ነፍስ ይማር። እናቱን ቆሞ ያልቀበረ ሰው ኀዘን ከሌላው ይለያል። ሌላው አልቅሶ፣ አፈር አልብሶ ይመለሳል። ያንቺ ለቅሶ ግን መቃብሩን ሳያይ እዚሁ ኪራይ ቤት ውስጥ ቀርቷል።

እኛ ሰባኪዎች አይደለንም። ጥያቄሽ ግን ያንቺ ብቻ አይደለም። ፈተና የወደቀው፣ ሥራ ያጣው፣ ፍቅረኛው ትታው የሄደችው ሁሉ ቃሉን እየቀያየረ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ «ጸልዬ ነበር፣ ለምን አልሰማኝም?» ይላል። ስለዚህ የክርስትና መጻሕፍትና የአገራችን ልማድ የሚሉትን አብረን እንይ።

«ኃጢአትሽ ነው» ስለሚባለው

አክስትሽ ያለችው ነገር መነሻ የለውም አንልም። ኃጢአት ጸሎትን ያግዳል የሚል ትምህርት በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ። ለምሳሌ ነቢዩ ኢሳይያስ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ሰዎቹ ጸሎት ቢያበዙም እግዚአብሔር እንደማይሰማቸው ይናገራል። ግን ለማን ነው የተናገረው? እጃቸው ደም ለነካ፣ ወላጅ አልባውንና ባል የሞተባትን እየበደሉ በዓል ለሚያከብሩ ነው። አንቺ ደግሞ ባሏ ለሞተባት እናትሽ መንገድ የለመንሽ ልጅ ነሽ። ይህ ቃል ከተነሣ አንቺን የሚከስ ሳይሆን ካንቺና ከእናትሽ ወገን የሚቆም ነው።

የኢዮብን ታሪክ ታውቂዋለሽ። ሰውየው ልጆቹንም፣ ሀብቱንም፣ ጤናውንም አጣ። ሊያጽናኑት የመጡት ወዳጆቹ «ያለ ምክንያት አይደለም፣ አንድ ጥፋት ቢኖርብህ ነው» እያሉ አደረቁት። መጽሐፉ 42 ምዕራፍ ነው። በመጨረሻው ምዕራፍ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ላይ መሰለሽ? በኢዮብ አይደለም፤ በእነዚያ ወዳጆቹ ላይ ነው። እንዲያውም ኢዮብ እንዲጸልይላቸው ተደረገ! በዮሐንስ ወንጌል 9ኛ ምዕራፍም ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው የማን ኃጢአት እንደሆነ ጠየቁ። ጌታ ግን የሰውየውም የወላጆቹም አይደለም ብሎ መለሰላቸው። ካህኑ ዔሊ እንኳ ሐና እያለቀሰች ስትጸልይ አይቶ ሰክራለች ብሎ ገሥጿታል። ካህንም ቢሆን የሚጸልይን ሰው ልብ ከውጭ ሲያነብ ይሳሳታል ማለት ነው። ያገራችን ሰውስ ቢሆን «እግዜር ሲሰጥ የማን ልጅ ነህ አይልም» ይል የለ?

እስቲ የአክስትሽን ሚዛን እንሞክረው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን፣ ዕለተ እሑድ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸው በወቅቱ ተዘግቧል። በዚያ ሰሞን በዚያ አገር ያልተጸለየበት ቤት ነበር ትያለሽ? ታዲያ የእነዚያ ሁሉ ቤቶች ጸሎት ያልደረሰው አዲስ አበባ ውስጥ ጓደኛ ስለያዝሽ ነው? ወይስ የእያንዳንዱ ቤት ኃጢአት ለብቻው ተቆጥሮ? ሚዛኑ እዚህ ላይ ይሰበራል።

እናትሽን የያዛት የልብ ሕመም ነው። ወደ እሷ የሚወስደውን መንገድ የዘጉት ደግሞ ሰዎች ናቸው። የጓደኛሽ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ በኋላ እንመጣበታለን። ከእናትሽ ሞት ጋር ግን አታያይዢው፤ ማንም እንዲያያይዝብሽም አትፍቀጂ።

አክስትሽንም አትጥያት። እህቷን ነው ያጣችው። እሷም እንዳንቺ መቅበር ያልቻለች ናት። ኀዘን በደለኛ ይፈልጋል፤ ሌላ ሲያጣ በአጠገቡ ያለው ላይ ያርፋል።

ያልተሰማላቸው እነማን ናቸው?

«እኔን ብቻ አልሰማኝም» የሚል ስሜት የሚመጣው ከየት እንደሆነ እንንገርሽ። ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሄደ ሰው ያውቀዋል። ስእለቱ የደረሰለት ጥላውን፣ ምንጣፉን፣ ሻማውን ይዞ ይመጣል። ይነገርለታል፣ እልል ይባልለታል። ያልደረሰለት ግን «አልደረሰልኝም» ብሎ የሚያስነግርበት ቦታ የለም። ቤቱ ነው የሚቀመጠው፤ ወይም ሕዝቡ መሐል ገብቶ ለሌላው እልል ይላል። ስለዚህ እልልታውን ሁላችንም እንሰማለን፤ ዝምታውን ግን እያንዳንዳችን ለየብቻችን ነው የምንሸከመው።

መጽሐፉ ግን ያልተሰማላቸውን አልደበቀም። ሙሴ ዮርዳኖስን ተሻግሮ ያችን አገር እንዲያያት ለመነ፤ ተከለከለ፣ ነገሩን ደግሞ እንዳያነሣውም ተነገረው። ንጉሥ ዳዊት ለታመመ ሕፃን ልጁ መሬት ላይ ተኝቶ ጾመ፤ ልጁ በሰባተኛው ቀን ሞተ። ሐዋርያው ጳውሎስ ሥጋውን የሚወጋ መውጊያ እንዲነሣለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ መውጊያው አልተነሣም፣ የሚችልበት ጸጋ ግን እንደሚበቃው ተነገረው። ይህ ሁሉ ይቅርና ራሱ ኢየሱስ ክርስቶስ በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍለት ሦስት ጊዜ ጸልዮ ጽዋው አላለፈም። በክርስትና እምነት ኃጢአት የሌለበት አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው። እንግዲህ የእሱም ልመና እንደቃሉ ካልሆነ፣ «ያልተሰማልሽ ኃጢአተኛ ስለሆንሽ ነው» የሚለው አነጋገር ራሱ ክርስትናው ውስጥ ማን ላይ እንደሚያርፍ አስቢው።

«እምቢ» መባል የተሻለ የሆነበትም አለ። ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በረሃ ውስጥ አንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠና እንዲሞት ለመነ። አልተሰማለትም! ምግብና ውኃ ተሰጠው፣ እንቅልፍ ተሰጠው፣ ተነሥ ተባለ። ኋላም መጽሐፉ እንደሚለው ሞትን ሳያይ በእሳት ሠረገላ ዐረገ። ጨንቆን «በቃኝ፣ ውሰደኝ» ያልንበትን ቀን ሁላችንም እናስታውሳለን። ያ ጸሎት ተሰምቶ ቢሆንስ?

ግን እህታችን፣ «ያንቺም እንደ ኤልያስ ለበጎ ነው» ብለን አንቀልድብሽም። እናትን ለማየት መለመን ሞትን እንደመለመን አይደለም። ላንቺ ቅርብ የሚሆነው የማርታና የማርያም ታሪክ ነው። ወንድማቸው አልዓዛር ታሞ ወደ ኢየሱስ መልእክት ላኩ። እሱ ግን ባለበት ሁለት ቀን ቆየ። ሲደርስ አልዓዛር ከተቀበረ አራት ቀኑ ነበር። ሁለቱም እህቶች ተራ በተራ ወጥተው ፊት ለፊት ወቀሱት፤ እዚህ ብትኖር ኖሮ ወንድማችን አይሞትም ነበር ዓይነት ወቀሳ ነው። አልተቆጣቸውም። «ኃጢአታችሁ ነው» አላላቸውም። መቃብሩ ዘንድ ሄዶ አለቀሰ።

ከዚህ የምንማረው በጸሎት መቆጣትም፣ መውቀስም እንደሚቻል ነው። በዳዊት መዝሙር ውስጥ 87ኛውን (በሌላው አቆጣጠር 88ኛውን) እዪው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጩኸት ነው፤ የሚያልቀውም በጨለማ ነው። መልስ የለውም። አባቶችሽ ያንን መዝሙር ከዳዊቱ አላወጡትም። ከምስጋናው ጋር አብረው ሲደግሙት ኖረዋል። መልስ ያላገኘ ጸሎትም ጸሎት ነው ማለታቸው ነው።

ለሌሎቻችሁ ደግሞ...

ይህን የምታነቡ ወጣቶች፣ «እሰይ፣ የእኛም ችግር የእግዜር ዝምታ ነው» እንዳትሉ! መልሱ በራሳችን እጅ የሚዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው። የያዕቆብ መልእክት አለማመናችን ራሱ ክፉ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። እስቲ ጥቂቶቹን እንይ፦

የሌላዋን ባል፣ የሌላውን ሚስት የሚለምን አለ። ይህ ሲጀመርም ጸሎት አይደለም፤ ምኞት ነው። ትዳር ይፍረስልኝ ብሎ መስገድ እንዴት ያለ ነገር ነው?

ሚስቱን አንቋሽሾ፣ አልፎም መትቶ ጠዋት ነጠላውን አጣፍቶ ለኪዳን የሚገሰግስ አለ። ይህን ሰው ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ 3ኛ ምዕራፍ ላይ ነግሮታል፤ ጸሎታችሁ እንዳይሰናከል ሚስቶቻችሁን አክብሩ የሚል ምክር ነው። ልብ በሉ፤ «ጾማችሁን ጨምሩ» አላለም። ጸሎቱ የሚታሰረው ቤት ውስጥ ነው፣ የሚፈታውም ቤት ውስጥ ነው። የተጣሉትን ሰው ትቶ መባ ይዞ ለሚሄድም የማቴዎስ ወንጌል የሚለው ተመሳሳይ ነው፤ መባህን እዚያው አስቀምጠህ መጀመሪያ ሄደህ ታረቅ ይላል።

መጽሐፉን ሳይገልጥ ፈተና ቀን ሻማ የሚያበራ ተማሪም አለ። የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫን ታሪክ ያስታውስ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገብቶ ለዓመታት ትምህርት አልገባ ብሎት እንደነበር ይነገራል። እመቤታችንን እየለመነ ከትምህርቱም ከገዳሙ ሥራም አልሸሸም። ኋላ መጽሐፈ ሰዓታትን የደረሰ ሊቅ ሆነ። በሌላ በኩል ደግሞ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አንርሳ። ከመቶ 97 ያህሉ ጸሎታቸው ጎደሎ ሆኖ ነው? አይደለም። የትምህርት ቤቱ፣ የመጽሐፉ፣ የመምህሩ እጥረት ጭምር ነው። በሰው እጅ የጎደለውን ሁሉ እግዜር ላይ ወይም በወደቀው ልጅ እምነት ላይ መለጠፍ ለባለ ዕዳዎቹ ይመቻል።

መልሱ መጥቶ በሌላ ልብስ ስለሆነ የሚያባርሩትም አሉ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መሰጠት ሲጀምር «ጸበል እየጠጣሁ ነው፣ እምነቴን አላጎድልም» ብለው መድኃኒቱን የተዉ ብዙዎች ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ለፈውስ የጸለየ ሰው መድኃኒት ሲቀርብለት ጸሎቱ ተሰማ ማለት ሊሆን ይችላል እኮ! ዛሬም ጸበል የምትሄዱ፣ ያለ ሐኪም ምክር ክኒናችሁን አታቋርጡ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ለማኝ እጁን ሲዘረጋልን ሳንሰጥ ስናልፍ ምን እንላለን? «እግዜር ይስጥልኝ!» አያችሁ፤ በእኛ አገር «የለኝም» የምንለው በጸሎት ነው። ያ ሰው ግን ጠዋት ሲነሣ «የዕለት እንጀራዬን ስጠኝ» ብሎ ለምኖ ይሆናል። የእሱ መልስ ደግሞ ኪሳችን ውስጥ የተቀመጠው አሥር ብር ይሆናል። ብዙ ያልተመለሰ ጸሎት ሰማይ ላይ አልቀረም፤ እኛ ጋ ነው የቀረው።

ስእለት ንግድ ነው እንዴ?

ወደ እህታችን ጥላ እንመለስ። ስእለት «ይህን ብታደርግልኝ ይህን አደርጋለሁ» ማለት ነው። ልማዱ የከበረ ነው። ሐና ልጅ ብትወልድ ለቤተ መቅደስ ልትሰጥ ተሳለች፤ ሳሙኤልን ወለደች፣ ሰጠችም። ግን ታሪኩን በደንብ ያነበበ አንድ ነገር ያያል። የሐና ፊት የበራው ልጁ ሲወለድ አይደለም። የልቧን አውጥታ ነግራ፣ ከቤተ መቅደሱ ወጥታ እህል የቀመሰች ዕለት ነው። ያኔ ገና አላረገዘችም።

የስእለትን ሌላ ገጽታ ያሳየን ደግሞ ያንቺው አገር ታሪክ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው ከፍኖተ ሰላም ብዙም በማትርቀው በማንኩሳ ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ በሬዲዮም ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው አገር ሰምቶታል። የበዛብህ ወላጆች ልጃቸው እንዲያድግላቸው ለእግዚአብሔር አገልግሎት ተሳሉበት። ስእለቱ ደረሰ! ልጁ አደገ፣ ተማረ። ከዚያ ሰብለ ወንጌልን ወደደ፤ ሌሎች የተሳሉት ስእለት እሱ ላይ ዕዳ ሆነ። ልብ ወለድ ቢሆንም ነገሩ እውነት ነው፦ የደረሰ ስእለትም ሰውን ያስጨንቃል። የደረሰለት ሁሉ ተመረቀ፣ ያልደረሰለት ሁሉ ተረገመ ማለት አይቻልም።

ስእለትን እንደ ገበያ ካየነው፣ ሲደርስ «ከፈልኩ፣ ተለያየን» እንላለን፤ ሳይደርስ «ዕቃዬን መልሺልኝ» እንላለን። አንቺም ጥላውን አስቀድመሽ የገዛሽው ለማሳመን ብለሽ እንደነበር ጽፈሻል። ማንም እናቱን የወደደ ልጅ ያደርገዋል፣ አያሳፍርም። ግን እመቤታችን በጥላ የምትገዛ ብትሆን ኖሮ ጥላ መግዛት የማትችለው ድሀ፣ እንደ እናትሽ ያለችው ጠላ ጠማቂ፣ ከየት ይሰማላት ነበር?

እንግዲህ ምን ታድርጊ?

1ኛ. ዕዳ የለብሽም። የተሳልሽው «ብታሳዪኝ» ብለሽ ነው፤ ያልሽው አልሆነም። መጽሐፈ መክብብ ተስሎ የሚያስቀርን ሰው ይወቅሳል፤ አንቺ ግን ያስቀረሽው የለም። ቢሆንም ልብሽ እንዲያርፍ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። ንስሐ አባት ከሌለሽ ያዢ፤ ይህ ነገር ብቻሽን የምትሸከሚው አይደለም።

2ኛ. ጥላውን አትሽጪው። የስእለት ክፍያ ሳይሆን የእናትሽ መታሰቢያ አድርገሽ ስጪው። ገበዝ ማለት የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቅ፣ የገባውን ዕቃ ተረክቦ የሚያኖር ነው። ጥላው እንዲህ ያለ ጠባቂ እጅ ይግባ እንጂ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ አይጠጣ። መንገዱ ሰላም መሆኑን አረጋግጠሽ ይዘሽው ሂጂ፤ በዚያውም መቃብሯን አይተሽ አልቅሺ። አሁን መሄድ ካልቻልሽ ማንም አያጣድፍሽም። ጥላው እስከዚያ ይቆይ፤ ካልሆነም እዚሁ አዲስ አበባ በማርያም ስም ለታነጸ ቤተ ክርስቲያን ብትሰጪው የእናትሽ ስም ይነሣበታል።

3ኛ. ለጎረቤታችሁ ደውዪ። ደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ መስመር ያለፍሻቸው ሰው ናቸው። እጇን ይዘው አብረዋት አድረዋል ብለሻል። አንቺ የለመንሽው እንድትደርሺ ነበር፤ ከልመናሽ ሥር የነበረው ፍርሃት ግን «እምዬ ብቻዋን እንዳትሞት» የሚል አይደለም? ይኸውልሽ መልስሽ ብለን አንደልልሽም፤ የጠየቅሽው ይህን አልነበረም። ግን እምዬ ብቻዋን አልሞተችም። ሴትዮዋ ያዩትንና የሰሙትን ጠይቂያቸው። በመጨረሻ ምን አለች? ስሜን አነሣች? ብለሽ ጠይቂ። ስትሄጂም ለእሳቸው ነጠላ ይዘሽላቸው ሂጂ። ያንቺን ቦታ የሸፈኑልሽ እሳቸው ናቸው።

4ኛ. የጓደኛሽን ነገር ለብቻው ያዢው። ይወድሻል? ትዳር ያስባል? ኀዘን ላይ ሳለሽ አጠገብሽ ነበር? ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። በእምነትሽ መሠረት የሚታረም ነገር ካለ የሚታረመው ትክክል ነው ብለሽ ስላመንሽበት ይሁን እንጂ «እናቴን ገደልኳት» ብለሽ በመቀጣት አይሁን። በቅጣት የተጀመረ ሕይወት አይጸናም።

5ኛ. ጸሎቱን በልመና አትጀምሪው። አሁን የምትለምኚው ነገር የለሽም፤ ስለዚህ ልመናው አፍሽ ላይ ቢደርቅ አያስደንቅም። በወቀሳ ጀምሪው። «የት ነበርሽ?» በያት። ማርታ ብላዋለች፣ አንቺም በዪ። ይህም ካቃተሽ በቤተ ክርስቲያኑ በር ስታልፊ ቆም ብለሽ ተሳለሚና እለፊ። ለጊዜው ይኸው ይበቃል።

6ኛ. እንቅልፍ ከራቀሽ፣ እህል ካስጠላሽ፣ መኖር ከከበደሽ ሐኪም አማክሪ። ከላይ እንዳልነው ሐኪምም መልስ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ጸሎት ለምን እንደማይመለስ አንድ ቁርጥ ያለ ምክንያት የሚነግራችሁ ሰው ቢመጣ ጠርጥሩት። አንዳንዱን እኛው ዘግተነዋል፤ እሱን እንክፈት። አንዳንዱ ዘገየ እንጂ አልቀረም። አንዳንዱ «እምቢ» ተብሏል፤ ምክንያቱንም አልተነገረንም። በዚህኛው ጊዜ የሚያስፈልገን ከሳሽ ሳይሆን እጅ የሚይዝ ጎረቤት ነው። በሰፈራችሁ ኀዘን የተቀመጠ ሰው ካለ ዛሬ ማታ ሂዱና አጠገቡ ቁጭ በሉ። ምክንያቱን አትንገሩት፤ ዝም ብላችሁ ቡናውን አፍሉለት።

ፍኖተ ሰላም በግእዝ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። እንደ ስሙ ያድርገው፤ እናትና ልጅ ተፈላልገው የሚገናኙበት መንገድ ያድርገው።

እህታችን፣ ጥላው የደረሰ ዕለት ጻፊልን።

ቸር ይግጠመን።